አባይ ይዞ የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ስህተት ነው። አምና፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በዲፓርትመንታችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ አባይ አንዲት አጭር ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። በውስጧ «ወንዙ በክረምት የሚቀላው አለቱ እየሟሟ ስለሚገባበት ነው» የምትል አረፍተ ነገር ነበረች። በማግስቱ ስመለስ አንድ ሰው ከአረፍተ ነገሯ ስር በእርሳስ እንዲህ ብሎ ጽፎባት አገኘሁ፦ «የሚታየው አልሟሟም፤ የሟሟው አይታይም።»

ምን ልበላችሁ፣ በጣም ነበር የተናደድኩት። በኋላ ግን ጸሐፊውን አፈላልጌ አገኘሁት። የመሬት ሳይንስ ተማሪ ነው። ነገሩን ሲያስረዳኝ ንዴቴ በርዶ ጓደኛሞች ሆንን። በዚያው ተረስቶ ይቀር ነበር፤ አባቴ ባይደውል ኖሮ።

የእኛ ቤት አዊ ዞን ውስጥ፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ገብሱ ከወገቤ በላይ ይደርስ ነበር። አሁን ብዙው ማሳ የዘሩትን እንኳ በቅጡ አይመልስም። ስለዚህ የአካባቢው ሰው እርሻውን ዲከረንስ እየተከለ ከሰል ያከስላል። እኛም ሁለቱን ማሳችንን ተክለናል። የቀረችን አንዲት ጥማድ ብቻ ነች፤ ሩብ ሄክታር ገደማ ማለት ነው። አባቴ በስልክ ያለኝ ይህን ነው፦ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ባለሙያው አፈሩ ኮምጥጧል ይለኛል። መቸም ከስር ያለው ድንጋይ መበስበሱ አይቀርም። መሬቷን ባሳርፋት ድንጋዩ መልሶ ያለማታል? ወይስ ይህችንም ለዲከረንሱ ልስጣት?»

መልስ አልነበረኝም። «አባባ፣ ጠይቄ ልንገርዎት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው። ለመሆኑ አለት በውሃ የሚሟሟው በምን ያህል ፍጥነት ነው? ያንንስ ማን፣ እንዴት አድርጎ ይለካዋል?

ድንጋይ እንዴት ይሟሟል?

ድንጋይ በሁለት መንገድ ያልቃል። አንደኛው መሰባበር ነው። ፀሐይና ብርድ፣ ሥርና ጎርፍ ይፈረካክሱታል፤ ትልቁ ትንሽ ይሆናል እንጂ ያው ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ኬሚካዊ ብስበሳ ይባላል። እዚህ ላይ ድንጋዩ ራሱ ይለወጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዝናብ ነው። ዝናብ ሲወርድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀላቀልበት ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ንጹሕ የሚባለው ዝናብ እንኳ ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነው። አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨመርበትና ይበልጥ ይኮመጥጣል። ይህ ውሃ የእኛን አገር ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባሳልትን ሲያገኘው ካልሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን፣ ሶዲየሙን፣ ፖታሲየሙንና ከሲሊካው ከፊሉን እያሟሟ ይወስዳል። የማይሟሟው ብረትና አሉሚኒየም እዚያው ይቀራል። ብረቱ ይዝጋል። እንግዲህ ቀይ አፈር የምንለው፣ ወንዙም በክረምት ተሸክሞት የሚወርደው፣ ይህ የቀረው ነው። የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር፤ የተረፈውን አይቼ የተወሰደው መሰለኝ።

የሟሟው የት እንደሄደ ለማየት የምትፈልጉ ከሆነ፣ በበጋ ጥርት ብሎ የሚወርድ የምንጭ ውሃ በነጭ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ ተዉት። ሲደርቅ ሳህኑ ላይ ስስ ነጭ ክብ ይቀራል። አብዛኛው ውሃው ካለፈበት አፈርና አለት ያመጣው ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባል የለ? ግንዱ ስለሚታይ ተተረተበት እንጂ አባይ ድንጋይም ሟሙቶ በማይታይበት መልኩ ይዞ ይዞራል።

ወንዙ እንደ ሂሳብ መዝገብ

አንድን ድንጋይ ቁጭ ብሎ እያዩ ስንት እንደሟሟ መለካት አይቻልም፤ የሰው ዕድሜ አይበቃም። ተመራማሪዎች ያገኙት ብልሃት ግን ቀላል ነው። በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የወረደ ዝናብ፣ ተንኖ ከቀረው በስተቀር፣ ዞሮ ዞሮ በአንድ በር ይወጣል፤ በወንዙ። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ የሚወጣውን መቁጠር ነው። ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ የተፋሰሱ ስፋት፣ በዓመት የሚወጣው የውሃ መጠን፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውሃ ውስጥ የሟሟው ነገር።

ስፋቱ ከካርታ ይገኛል። ለውሃው መጠን ወንዙ በሚያልፍበት ቦታ ጎኑና ጥልቀቱ ይለካል፤ ከዚያ ፍጥነቱ። ጥር ላይ ለእረፍት ስሄድ ይህ ጓደኛዬ ለልምምዱ ወደ እኛ አገር መጥቶ ነበርና ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ላይ አብሬው ዋልኩ። ይህ ወንዝ ወደ ግልገል አባይ፣ ግልገል አባይም ወደ ጣና የሚገባ ነው። ፍጥነቱን የለካነው በምን መሰላችሁ? በብርቱካን! ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነፋስ ብዙም አይገፋውም። ሃያ ሜትር ለክተን ብርቱካኑን ለቀቅንና በሰዓት ቆጠርን። የላይኛው ውሃ ከታችኛው ስለሚፈጥን የተገኘውን በ0.85 ገደማ ያባዙታል። ደህና ጣቢያ ባለበት ወንዝ ላይ ደግሞ ውሃው ውስጥ የቆመ ባለ ቁጥር ሜትር አለ፤ ጠባቂው ከፍታውን በየቀኑ ይመዘግባል፣ ከፍታውም በሠንጠረዥ ወደ መጠን ይቀየራል።

የውሃው ናሙና አወሳሰድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕላስቲኩ በዚያው ወንዝ ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ውሃው ቀዳዳዎቹ 0.45 ማይክሮን በሆነ ስስ ማጣሪያ ያልፋል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጭቃው ማጣሪያው ላይ ይቀራል፣ የሟሟው ያልፋል። ጓደኛዬ ያኔ ፈገግ ብሎ «የግድግዳ ጋዜጣሽ ማጣሪያው ላይ ቀረች» አለኝ። ከተጣራው በአንዱ ጠርሙስ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ ካልሲየሙና ሌሎቹ ጠርሙሱ ላይ እንዳይጣበቁ ነው። አሲድ ያልገባበት ሁለተኛው ጠርሙስ ለክሎራይድ፣ ለሰልፌትና ለባይካርቦኔት ነው። ሙቀቱ፣ ፒኤቹና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ግን እዚያው ወንዙ ዳር ይለካል፤ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ይለወጣልና።

ዋናው ሥራ መቀነስ ነው

እስካሁን ቀላል ይመስላል። ችግሩ ግን ወንዝ ውስጥ ሟሙቶ የተገኘ ሁሉ ከድንጋይ የመጣ አለመሆኑ ነው። ጓደኛዬ «ለክቶ መደመር ማንም ይችላል፤ ሳይንሱ መቀነሱ ላይ ነው» ይላል። ምን ምን ይቀነሳል?

አንደኛ፣ ከሰማይ የመጣው። ዝናብ ከባሕር ተነስቶ የመጣ ጨውና ከአየር የታጠበ አቧራ ይዟል። ባሳልት ውስጥ ክሎራይድ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ወንዙ ውስጥ የተገኘው ክሎራይድ በአብዛኛው ከዝናብ ነው ተብሎ ይታሰብና ከእሱ ጋር አብሮ የመጣው ሶዲየምና ሌላውም ይቀነሳል። ይህም ሆኖ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እኛ ጋ ለከብት ጨው ይሰጣል። የከብቱ ሽንት የት ይገባል? ወንዝ። ስለዚህ ሰው የጨመረው ጨው፣ ማዳበሪያውና የከተማው ፍሳሽም በሂሳቡ ውስጥ መታየት አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ከአየር የመጣው። ወንዙ ውስጥ ከሚሟሟው በክብደት ትልቁን ቦታ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት ነው። ውሃው በባሳልት ላይ ብቻ ያለፈ ከሆነ የባይካርቦኔቱ ካርቦን ከድንጋዩ ሳይሆን ከአየሩና ከአፈሩ እስትንፋስ ነው። ይህን ከድንጋዩ ጋር የደመረ ሰው የብስበሳውን ፍጥነት እጥፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዛፍና ሰብል የወሰደው። ተክል ከአፈር ካልሲየምና ፖታሲየም ይወስዳል። ቅጠሉ እዚያው ወድቆ ከበሰበሰ ይመለሳል፤ ሂሳቡ አይዛባም። ታጭዶ ከሄደ ግን በወንዙ በር ሳይሆን በሌላ በር ወጣ ማለት ነው። የእኛን ሰፈር አስቡት። ዲከረንሱ ተቆርጦ ይከሰላል፣ ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ በአይሱዙ ይጫናል። ከሰሉ ውስጥ ያለው ማዕድንም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከድንጋያችን የተወሰነው በወንዝ፣ የተወሰነው በመኪና ነው የሚወጣው። ወንዙን ብቻ የቆጠረ ሰው መኪናውን ይረሳዋል።

እስቲ በቁጥር

ለማስረዳት ያህል ብቻ የሚሆኑ ቁጥሮችን እንውሰድ፤ የአንድ ወንዝ እውነተኛ ልኬት አይደሉም። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 150 ሚሊግራም የሟሟ ነገር ተገኘ እንበል። ከዚህ 90ው ባይካርቦኔት ነው፤ ይቀነስ። 10ሩ ከዝናብ የመጣ ጨው ነው፤ ይቀነስ። ከድንጋዩ የመጣው 50 ሚሊግራም ይቀራል። በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ሲሰላ 50 ግራም ነው።

ከተፋሰሱ በዓመት የሚወጣው ውሃ መሬቱ ላይ እኩል ቢዘረጋ 600 ሚሊሜትር ጥልቀት አለው እንበል። ይህ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 600,000 ሜትር ኩብ ነው። በ50 ግራም ሲባዛ 30 ቶን ይሆናል። እንግዲህ የብስበሳው ፍጥነት በካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት 30 ቶን ነው ማለት ነው።

ብዙ ይመስላል አይደል? ቆዩ። አንድ ሜትር ኩብ ባሳልት 3 ቶን ያህል ይመዝናል። 30 ቶን ለ3 ሲካፈል 10 ሜትር ኩብ ነው። ያንን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ብትዘረጉት ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ይሆናል። አንድ ሴንቲሜትር ለመሙላት አንድ ሺህ ዓመት ይፈልጋል!

አሁን ከጭቃው ጋር እናወዳድረው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 በተጀመረ የአፈር ጥበቃ ምርምር የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ፣ ከደጋችን የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህ በውፍረት ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው። በሦስት ዓመት አንድ ሴንቲሜትር። በምሳሌያችን ውሃው አሟሙቶ ለመውሰድ ሺህ ዓመት የሚፈልገውን ውፍረት ጎርፉ በሦስት ዓመት ይወስደዋል።

አንድ ጠርሙስ አይበቃም

በነሐሴ ወደዚያው ወንዝ ተመልሰን ነበር። ጥር ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ነበር፤ አሁን ዳሩ ላይ መቆም ያስፈራል። ማጣሪያው በየደቂቃው በጭቃ እየተደፈነ አስቸገረን። መሣሪያው ግን የሟሟው ከጥሩ ልኬት ከግማሽ በታች መውረዱን አሳየ። «ታዲያ በክረምት ብስበሳው ቀነሰ ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

አልነበረም። በበጋ ወንዙን የሚመግበው ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ብዙ ቆይቶ የሚወጣ ውሃ ስለሆነ በእያንዳንዱ ሊትር ብዙ ይይዛል። በክረምት አዲስ ዝናብ ያቀጥነዋል፤ የውሃው መጠን ግን ብዙ እጥፍ ይጨምራል። የሟሟው በሊትር ቢያንስም በጠቅላላው የሚወጣው ይበልጣል። በአባይ ተፋሰስ የዓመቱ ውሃ አብዛኛው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው የሚወርደው። ስለዚህ በጥር አንድ ጠርሙስ ቀድቶ በዓመቱ ውሃ ማባዛት ቁጥሩን ያጋንናል፤ በነሐሴ ብቻ ቀድቶ ማባዛት ደግሞ ያሳንሰዋል። ዓመቱን ሙሉ መቅዳት፣ እያንዳንዱንም በጊዜው በነበረው የውሃ መጠን መመዘን ያስፈልጋል።

ቦታውም እንዲሁ ይወስናል። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን አባይ በረሃን የወረደ ሰው ያስታውሳል፤ መንገዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባሳልት አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጄሶ ያለበት ንብብር፣ ከታች የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። የኖራ ድንጋይና ጄሶ ከባሳልት እጅግ ፈጥነው ይሟሟሉ። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆሞ የተቀዳ ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም የማን ነው? የባሳልቱ? የኖራው? የጄሶው? ሰልፌቱ ጄሶውን ለማወቅ ይረዳል። ስትሮንሺየም የተባለ ንጥረ ነገርም አለቶች የተለያየ «አሻራ» ስለሚተዉበት ምንጩን ለመለየት ይጠቀሙበታል። ሌላው መፍትሔ ባሳልት ብቻ ያለበትን ትንሽ ገባር መምረጥ ነው።

ሐይቅና ግድብም አሉበት። ዲያቶም የሚባሉ ረቂቅ አልጌዎች ሽፋናቸውን የሚሠሩት ከሲሊካ ነው፤ የተኛ ውሃ ውስጥ ሲራቡ ሲሊካውን ከውሃው ይወስዱታል። ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከእንግዲህ ከግድቡ በታች የሚለካ ሰው የክረምቱና የበጋው ውሃ ተቀላቅሎ፣ ጭቃውም ከግድቡ በስተኋላ ቀርቶ እንደሚያገኘው ማሰብ አለበት።

ዓለም ለምን ግድ ይለዋል?

አንድ ድንጋይ በሺህ ዓመት ሴንቲሜትር ቢሟሟ ማን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። ነገር ግን አለት ሲሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየወሰደ ነው። ወንዙ ባይካርቦኔቱንና ካልሲየሙን ባሕር ያደርሳል፤ እዚያ ዛጎል ይሠራበትና ባሕሩ ወለል ላይ ይቀበራል። እንደ ባሳልት ካሉ አለቶች የጀመረ ከሆነ ከተወሰደው ካርቦን ግማሹ እዚያው ይቀራል። ከኖራ ድንጋይ የጀመረ ከሆነ ግን ዛጎሉ ሲሠራ የተወሰደው ተመልሶ ይወጣል፤ በረጅሙ ሲታይ ትርፍ የለውም። የማን ካልሲየም እንደሆነ መለየት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ዎከር፣ ሄይስና ካስቲንግ የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1981 ይህ ሂደት የምድርን ሙቀት እንደ ቴርሞስታት ይቆጣጠራል ብለው ጻፉ፤ ሲሞቅ ብስበሳው ይፈጥናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይቀንሳል፣ ምድር ትቀዘቅዛለች። እ.ኤ.አ. በ2009 በሲጉርዱር ጊስላሰን የተመራ ቡድን በሰሜን ምሥራቅ አይስላንድ የስምንት ወንዞችን የ40 ዓመት ገደማ ልኬት መርምሮ፣ ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ኬሚካዊ ብስበሳው ከ4 እስከ 14 በመቶ እንደጨመረ አሳየ። ሴሊን ዴሴር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው ጥናት ደግሞ ባሳልት የየብሱን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሸፍኖ ሳለ፣ በሲሊኬት አለቶች ብስበሳ ከሚወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 30 በመቶ ወይም ትንሽ በላይ ድርሻ እንዳለው ገምቷል። አገራችን ደግሞ የባሳልት አገር ናት።

ይሁን እንጂ ይህ ቴርሞስታት የሚሠራው በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ነው። የዛሬውን ጭስ ይጠርግልናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ አንዳንድ አገሮች ውስጥ ባሳልትን ፈጭቶ እርሻ ላይ በመበተን ብስበሳውን ለማፋጠን እየተሞከረ ነው። በዚህ ሥራ ስንት ካርቦን ተወሰደ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሲመጣ ዞሮ ጥያቄው ያው ነው፦ ለካችሁ፣ ግን ምን ቀነሳችሁ?

ወደ አባቴ ማሳ

የምሳሌ ሂሳቡን ስንሠራ አንድ ነገር አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። በሊትር 14 ሚሊግራም ካልሲየም ብንወስድ፣ በዚያው የውሃ መጠን በዓመት ከአንድ ሄክታር 84 ኪሎ ይወጣል፤ ከአንድ ጥማድ 21 ኪሎ። «ድንጋዩ ለአባባ ማሳ በየዓመቱ 21 ኪሎ ካልሲየም ይሰጣታል!» አልኩ። ልደውል ስልኬን አወጣሁ።

ጓደኛዬ እጄን ያዘ። «ሰጠ አላልኩም። ወንዙ ወሰደ ነው ያልኩት።»

ለካ ዋናው ነገር እዚህ ነበር። የወንዝ ልኬት የሚነግረን ከተፋሰሱ የወጣውን ነው፤ ማሳው ውስጥ የቀረውን አይደለም። ከዚያም በላይ አማካይ ነው። ውሃው ካልሲየሙን ያገኘው ያልበሰበሰ ድንጋይ ካገኘበት ቦታ ነው፤ ከገደሉ፣ ከሸለቆው ጎን፣ ከምድር በታች ካለው ስንጥቅ። የአባቴ ማሳ ያለችው ደግሞ ረባዳው ላይ፣ ወፍራም ቀይ አፈር ላይ ነው። ያ አፈር ሊሟሟ የሚችለው ሁሉ ከሟሟ በኋላ የቀረው ነው። ድንጋዩ ከስር ብዙ ሜትር ይርቃል፤ የገብስ ሥር አይደርስበትም። ወንዙ በካልሲየም ሀብታም ሆኖ ማሳዋ ደሃ ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም እውነት ናቸው።

መኮምጠጡም ከዚህ ይመጣል። ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ታጥቦ ሲሄድ አሲድ ቦታውን ይይዛል፤ በየዓመቱ ታጭዶ የሚሄደው ሰብልና አንዳንድ ማዳበሪያም ያባብሱታል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ እየሟሟ የገብሱን ሥር ይጎዳል። ከአገራችን የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው የሚለው ግምት ተደጋግሞ ይጠቀሳል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ። ሁለት ጊዜ አሰብኩት። አባይ በረሃ ውስጥ የተመራማሪውን ሂሳብ የሚያበላሸው ያ የኖራ ድንጋይ ለአባቴ ማሳ መድኃኒት ነው። እንዲያውም ፈጥኖ መሟሟቱ፣ ለአንዱ ችግር የሆነው፣ ለሌላው ጥቅም ሆነ።

ማታ ደወልኩ። «አባባ፣ መሬቷ ብታርፍ ቅጠልና ሣሩ ይጠቅማታል፤ ከጎርፍም ትድናለች። ድንጋዩን ግን አይጠብቁት። እሱ የሚሰጠው በሺህ ዓመት ነው፤ የሚሰጠውንም ወንዙ ነው የሚወስደው። ኖራ ብትበሉ ግን በእናንተ ዕድሜ የሚታይ ነው» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ «እንግዲያ ድንጋዩ ካልቸኮለ እኔ ልቸኩላ» አሉ። በሚያዝያ ግማሽ ጥማዷ ላይ ኖራ በትነው ገብስ ዘሩባት። ግማሿን እንዳለች ተዉአት፤ «ልዩነቱን ራሴ ልለካው» ብለው። እኔ ዲፓርትመንት ገብቼ የተማርኩትን የማወዳደሪያ መደብ አባቴ ማንም ሳያስተምራቸው ሠሩት። ይህን ስጽፍ ገብሱ ገና አልታጨደም። ዲከረንሱ ግን እስካሁን ወደዚያች ጥማድ አልገባም።

የሙያ ጓደኞቼ፣ እኛ ጋዜጠኞች ልንሆን ነው። «በዓመት ይህን ያህል ቶን» የሚል ቁጥር ጠረጴዛችን ላይ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ በየትኛው ወር ተለካ? ምን ተቀነሰበት? የማን መሬት ነው? እነዚህን ሳንጠይቅ ከጻፍን እንደኔ አምና ማጣሪያው ላይ የቀረውን ጭቃ አይተን ያለፈውን ውሃ እንስታለን።

ቸር እንሰንብት።